አዋላጇን ጠይቋት፦ መንግሥት ጓዳ ድረስ ሲገባ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። የጻፏቸው ሰዎች አይተዋወቁም። ጥያቄያቸው ግን አንድ ጓዳ ውስጥ ነው የሚገባው። እኔ የሕግም የፖለቲካም ሰው አይደለሁም። 31 ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። የምመልሰው አልጋው ጫፍ ቆሜ ካየሁትና ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ካነበብኩት ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። መምህራችን «መንግሥት ሰውነትን ይገዛል፣ ሰውነትም ያምፃል» አሉን። ግብር ሲሰበስብ፣ ሰው ሲያስር ይገባኛል። ሰውነትን ግን እንዴት ነው የሚገዛው? ሰውነትስ ምን አቅም አለውና ያምፃል? ይርበዋል፣ ይታመማል፣ ይፈራል። (ግራ የገባት)

መልስ፦ ልጄ፣ መንግሥት ወደ ሰውነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚይዘው ዱላ አይደለም፣ መዝገብ ነው። ስንት ናችሁ? ስንት ወለድሽ? የወር አበባሽ መቼ መጣ? እነዚህን ጥያቄዎች እኔም በየጠዋቱ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ለደግም ይጠየቃሉ፣ ለክፉም። መዝገቡ ያው ነው።

በ1929 በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ ኦሎኮ በምትባል ቦታ፣ እንግሊዞች የሾሙት ባላባት የላከው ቆጣሪ አንዲት ሴት ግቢ ገባ። ንዋንየሩዋ ትባላለች። የዘንባባ ዘይት ስትጨምቅ ነበር ያገኛት። ፍየሎችሽን፣ በጎችሽን፣ ሰዎችሽንም ቁጠሪ አላት። ወንዶቹ ቀደም ብለው ተቆጥረው ነበር፤ ቆጠራው ኋላ ግብር ሆኖ መጣባቸው። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገባት። የእሱ እናት ተቆጥራ እንደሆነ መልሳ ጠየቀችው። ተያያዙ። ከዚያ ሮጣ ሴቶቹን ጠራች። የዘንባባ ቅጠል ከመንደር መንደር ተላከ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች የባላባቱን ግቢ ከበው ሌት ተቀን እየዘፈኑ፣ እየጨፈሩ፣ ስሙን እያነሱ እየሰደቡት እንቅልፍ ነሱት። እነሱ ጋ የቆየ ቅጣት ነው፤ «ሰው ላይ መቀመጥ» ይሉታል። ነገሩ ወደ ሌላ አካባቢ ሲዛመት ወታደሮች ተኩሰው ከ50 በላይ ሴቶች ገደሉ። ባላባቱ ግን ታሰረ፤ በሴቶቹ ላይም ግብር ሳይጣል ቀረ። እኔን የሚገርመኝ የነቁበት ሰዓት ነው። ብዙ ሰው የሚነቃው ሒሳቡ ሲመጣ ነው። እነሱ ግን ገና ቆጠራው ላይ ነቁ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ሮማኒያ። በ1966 የአገሪቱ መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ ድንጋጌ ቁጥር 770 የሚባል ሕግ አወጣ። ነገሩ ሕዝብ ይብዛ ነው። ጽንስ ማቋረጥ ተከለከለ። የተፈቀደው ከ45 ዓመት በላይ ለሆነች፣ አራት ልጆች ላሏት፣ ከዚያም ለጥቂት ሌሎች ብቻ ነው። የወሊድ መከላከያም ከገበያ ጠፋ። ዕድሜው 25 ያለፈ ልጅ የሌለው ሰው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ተጨማሪ ግብር ይከፍል ጀመር። በ1980ዎቹ ደግሞ ሐኪሞች ፋብሪካ ድረስ እየሄዱ ሴት ሠራተኞችን ለእርግዝና ይመረምሩ ነበር። ያረገዘች ትመዘገባለች። ተመዝግባ ልጁ ካልተወለደ ትጠየቃለች።

እስቲ አስቢው። ማሽንሽን አቁመሽ ትሰለፊያለሽ። ከዚያ ማህፀንሽ እንደ ንብረት ክፍል ዕቃ ቆጠራ ይደረግበታል። እኔ ሴት የምመረምረው መጋረጃ ስቤ፣ እጄን አሙቄ፣ ስሟን ጠርቼ፣ «ልንካሽ?» ብዬ ነበር። ጓንቱ ያው ጓንት ነው። አንደኛው ሕክምና ነው፣ ሌላው ፍተሻ።

ውጤቱስ? በ1966 ከሺህ ሰው 14.3 ልጅ ይወለድ ነበር። በ1967 ቁጥሩ 27.4 ገባ። በአንድ ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም! የወሊድ ክፍል የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ከዚያ ግን መውረድ ጀመረ። በ1983 ተመልሶ 14.3 ላይ ቆመ። ሕጉ አልተነሳም። ፖሊሱ አልላላም። ፓርቲ የለ፣ በራሪ ወረቀት የለ፣ ሰልፍ የለ። ሴት ለሴት በጆሮ ነው የተነጋገሩት። ክኒን ከውጭ የሚያስመጣው ማን ነው? አፉን የሚዘጋው ሐኪም የቱ ነው? የምታውቀዋ ጎረቤት የትኛዋ ናት?

ይህን «ድል» ብዬ ልጽፍልሽ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሕጉ በቆየባቸው 23 ዓመታት ወደ 10,000 የሚጠጉ ሴቶች በድብቅ ውርጃ ሞተዋል። እየደሙ ሆስፒታል የደረሱ ሴቶች ማን እንደሠራላቸው እንዲናገሩ አልጋቸው ላይ ይመረመሩ ነበር። ስም ካልሰጡ ሕክምናው ይዘገያል። አንዲት ሴት ጎረቤቷን ላለማጋለጥ ጥርሷን ነክሳ ስትደማ ይታይሽ። እኔ ይታየኛል፤ ደም የሚፈሳት እናት ስንት ደቂቃ እንዳላት አውቃለሁና። ሳይፈለጉ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ሌላ ታሪክ ናቸው። አገዛዙ ሲወድቅ ከ100,000 በላይ ልጆች በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ተገኙ።

ቻውሼስኩ የተገደለው ዲሴምበር 25 ቀን 1989 ነው። ክልከላው በማግስቱ ተነሳ። አዲሶቹ ሰዎች ገና ወንበር ሳይዙ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት የእናቶች ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም። አንድ ወረቀት ነው የተቀደደው።

ሁሉም ለቅሶ እንዳይመስልሽ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ልንገርሽ። አየርላንድ ውስጥ የወሊድ መከላከያ መሸጥም ከውጭ ማስገባትም ከ1935 ጀምሮ ክልክል ነበር። ሜይ 22 ቀን 1971 የደብሊን ሴቶች ቡድን ባቡር ተሳፍሮ ድንበር ተሻግሮ፣ እንግሊዝ በምትገዛው ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ወረደ። እዚያ ይሸጣል። ሐሳባቸው ክኒን ገዝተው ጉምሩክ ፊት እያውለበለቡ መመለስ ነው። ፋርማሲ ሲደርሱ «ክኒን ያለ ሐኪም ማዘዣ አንሸጥም» ተባሉ። ይህን ማንም አላሰበበትም! ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አስፕሪን ገዙ። በብዛት። የጉምሩክ ወንዶች የወሊድ ክኒን ምን እንደሚመስል ከየት ያውቁታል? ደብሊን ጣቢያ ሲደርሱ ጋዜጠኛው እያየ፣ ጉምሩኩ እያየ ዋጡት። ጉምሩኮቹ አፍረው አሳለፏቸው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅኩት። ከልካዩ የከለከለውን ነገር አይቶት አያውቅም። በ1973 ደግሞ ሜይ ማጊ የምትባል የአራት ልጆች እናት ከስሳ ረታች። ብታረግዝ ሕይወቷ አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ሐኪም ነግሯት ነበር። በፖስታ ያስመጣችውን መከላከያ ጉምሩክ ወረሰባት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የባልና ሚስት ጉዳይ የባልና ሚስት ነው አለ።

አንድ ልጨምርና ላብቃ። በ1992 መጀመሪያ ላይ ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ እናቶች ተቀመጡ። በፖለቲካ የታሰሩ ልጆቻችን ይፈቱ ብለው ምግብ አንበላም አሉ። የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይም አብራቸው ነበረች። ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ መጣ። ማታይ ተመትታ ራሷን ሳተች። ይኼኔ ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ፖሊሶቹ ፊት ቆሙ። እዚያ አገር እናት እርቃኗን ለልጅ ማሳየቷ ከባድ እርግማን ነው። የታጠቀ ቢሆንም ልጅ ነው፤ ወዴት ይይ? ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብተው አንድ ዓመት ገደማ ቆዩ። ልጆቹም ተፈቱ። «ሰውነት ይርበዋል፣ ይፈራል» ላልሽው፣ እነዚህ እናቶች ይዘው የወጡት ያንኑ የሚርበውንና የሚፈራውን ነው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዋላጇ። ጽሑፍዎን አነባለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አልስማማም። ሕዝብ ሲበዛ ውሃውም መሬቱም ያው ነው። መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይይ? ለጋራ ጥቅም ትንሽ ጫን ቢል ምን አለበት? (የአምስት ልጆች አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለመስማማትዎን ወድጄዋለሁ። ጭንቀትዎም የከንቱ አይደለም። «ትንሽ ጫን» ያሏት ቃል ላይ ግን ልቆይ።

በጁን 1975 ሕንድ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ልጃቸው ሳንጃይ የሕዝብ ቁጥር መቀነስን የራሱ ጉዳይ አድርጎ ያዘው። መሣሪያው ኮታ ነበር። አስተማሪው ይህን ያህል ሰው ለማምከን ካላመጣ ደመወዙ ይያዛል። የራሽን ካርድ፣ ፈቃድ፣ የቤት መሥሪያ ቦታ ሲጠየቅ «መክነሃል ወይ?» ይባላል። ከ1976 እስከ 1977 ባለው አንድ የበጀት ዓመት ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መከኑ። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። እርስዎም ወንድ ነዎትና እዚህ ላይ ቆም ይበሉልኝ። ሃርያና ውስጥ ኡታዋር የተባለውን መንደር ፖሊስ ከንጋት በፊት ከበበው። ወንዶቹ ውጡ ተባሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩት ተወስደው ብዙዎቹ የዘር ቱቧቸው ተቋጥሮ ተመለሱ። ወሬው ሲሰማ በሌሎች መንደሮች ወንዶች ማታ ማታ ከቤት እየወጡ እርሻ ውስጥ ያድሩ ጀመር።

በማርች 1977 ምርጫ ተደረገ። ገዢው ፓርቲ ተሸነፈ፤ ኢንድራ ጋንዲም በራሳቸው የምርጫ ክልል ወደቁ። ዘመቻው በከፋባቸው በኡታር ፕራዴሽና በቢሃር ፓርቲው አንድም መቀመጫ አላገኘም። ዜሮ።

የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የወንድ መቋጠር ቀላል ሥራ ነው። ሆድ አይከፈትም፣ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። እኔ ራሴ ለስንት ባልና ሚስት መክሬዋለሁ። ከ1977 በኋላ ግን ስሙ ስለጠፋ ፖለቲከኞቹ ወንዶችን ፈሩና ወደ ሴቶች ዞሩ። ሸክሙ ከባዱ ቀዶ ሕክምና ላይ፣ ሴቷ ሆድ ላይ ወደቀ። በ2014 ቻቲስጋር በተባለው ግዛት አንድ ሐኪም በጥቂት ሰዓት ውስጥ 83 ሴቶችን አመከነ። ከአሥር በላይ ሞቱ። በ2016 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉት የማምከን ካምፖች በሦስት ዓመት ውስጥ ይቁሙ አለ።

ቻይናን በአጭሩ ልንካት። ከ1980 እስከ 2015 ለአብዛኛው ቤተሰብ አንድ ልጅ ብቻ ተባለ። ያረገዙ ሴቶች ከዘመድ ዘመድ እየዞሩ ወለዱ። በ2010 ቆጠራ 13 ሚሊዮን ያህል ሰው መዝገብ ላይ የሌለ ሆኖ ተገኘ። ያልተመዘገበ ልጅ ትምህርት ቤት መግባትም መታከምም ይቸገራል። አሁን መንግሥት ዞሮ ሦስት ውለዱ እያለ ነው። ወጣቶቹ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነዋል።

ጭንቀትዎን ያቀለለ ቦታ ከፈለጉ እዚያው ሕንድ ውስጥ ኬረላን ይመልከቱ። ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ ሆነ፣ የሕፃናት ሞት ቀነሰ። ሰው ልጁ እንደሚያድግለት ሲያምን ራሱ ያሳንሳል። ያለ ፖሊስ።

ጥያቄ፦ ስሜ አይውጣ። ሁለት አዋቂዎች በር ዘግተው የሚያደርጉት ነገር መንግሥትን ምን አገባው? ይህን መጠየቅ ራሱ ያስፈራኛል።

መልስ፦ ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ቀድጄዋለሁ። ስለዚህ ተረጋግተህ እደር።

ምን አገባው ላልከው፣ ሲያገባው መጀመሪያ የሚለው «ለጤና ነው» ነው። በእንግሊዝ አገር በ1864 ተላላፊ በሽታን ለመከላከል ተብሎ ሕግ ወጣ። የጦር ሰፈር ባለባቸው ከተሞችና ወደቦች፣ ፖሊስ ሴተኛ አዳሪ ናት ብሎ የጠረጠራት ሴት ሁሉ በግድ በስፔኩለም (ብልት ተከፍቶ ውስጡ በሚታይበት መሣሪያ) ትመረመራለች። ከታመመች ትዘጋለች። አልመረመርም ካለች ወህኒ። ወታደሮቹስ? እነሱ አይመረመሩም። ክብራቸውን ይነካል ተባለ! በሽታው ግን ሁለቱ ጋ ነው ያለው።

ስፔኩለም የያዘ እጅ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቀዝቃዛ ብረት ነው። አንዲት ሴት ጡንቻዋን ከጨበጠች፣ በጉልበት ካልሆነ በቀር አይገባም። በጉልበት ከገባ ደግሞ ያው መድፈር ነው፤ ዕቃው ተቀቅሏል ብለህ ስሙን አትቀይረውም። በ1869 ጆሴፊን በትለር የምትባል ሴት ዘመቻ ጀመረች። ጨዋ የተባሉ እመቤቶች ከሴተኛ አዳሪዎች ጎን ቆመው፣ ስማቸውን ጋዜጣ ላይ አስፍረው ተቃወሙ። ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ፈርማለች። እኛ ነርሶች በእሷ ስም ስንምል ይህን ማንም አልነገረንም። ድሆቹ ሴቶች ደግሞ አንመረመርም እያሉ ወህኒ ወረዱ። ሕጉ በ1886 ተሻረ። 22 ዓመት ፈጀ።

በዚያው አገር በ1952 አለን ቱሪንግ ከወንድ ጋር ግንኙነት ነበረህ ተብሎ ተፈረደበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት ከፈቱት ዋነኛ ሰዎች አንዱ ነው። እስር ወይም ሆርሞን ምረጥ ተባለ። ሆርሞኑን መረጠ፤ ጡት አበቀለበት። በ1954 ሞተ። ይቅርታ የተደረገለት በ2013 ነው። እንግሊዞች በ1860 ለሕንድ የጻፉላትን፣ ይህንኑ የሚቀጣ ሕግ ደግሞ ተመልከት። እነሱ በ1967 የራሳቸውን ማላላት ጀመሩ። የሕንዱ በአዋቂዎች ፈቃድ የሚሆነውን መቅጣት ያቆመው በሴፕቴምበር 2018 ነው። ልብሱን የሰፋው አውልቆ ጥሎት፣ የተሰፋለት ለብሶ ቀረ።

በዚህ ጉዳይ የአንባቢዎቼ ሐሳብ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔ የማውቀው ከመርማሪ ክፍሉ ነው። አንድ ሰው ቁስሉን ይዞ መጥቶ «ከወንበር ወድቄ ነው» ብሎኛል። ከወንበር ተወድቆ እንደዚያ አይቆሰልም። ፈርቶኝ ነው። እኔን ሳይሆን ጋውኔን። ሳይመለስ ቀረ፤ ሕክምናውንም አልጨረሰም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቫይረሱ በደሜ ካለ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሁልጊዜ «መድኃኒትህን ውሰድ፣ ዝም በል» ነው የሚባለው። እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን? (ባለ ሁለት ክኒን)

መልስ፦ መድኃኒትህን ውሰድ። ዝም ግን አትበል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዲሴምበር 1998 የሕክምና ተግባር ዘመቻ የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ደረቱ ላይ «ኤችአይቪ ፖዘቲቭ» የሚል ካናቴራ አሠሩ። ዘዴው ቫይረሱ ያለበትም የሌለበትም መልበሱ ነው። ማን እንደሆነ ማን ይለየው? በ2002 ማንዴላም ለበሱት። ከመሥራቾቹ አንዱ ዛኪ አክማት ቫይረሱ ነበረበት፤ መድኃኒቱ በመንግሥት ሆስፒታል ለሁሉም እስኪሰጥ አልውጥም ብሎ ዓመታት ቆየ። እንደ ነርስ በዚህ አልስማማም፣ እዚያ ብሠራ ኖሮ እለምነው ነበር። መንግሥት ደግሞ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚሰጠውን ኔቪራፒን የተባለ መድኃኒት ለጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ ፈቅዶ ነበር። ማኅበሩ ከሶ በጁላይ 2002 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ለእናቶች ሁሉ ይዳረስ አለ። ያቺን አንዲት ክኒን በምጥ ላይ ላሉ እናቶች በእጄ ሰጥቻለሁ። 

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔም ነርስ ነኝ፤ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነው የምሠራው። በየወሩ ይህን ያህል ኢምፕላንት (ክንድ ውስጥ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ) ካልቀበርኩ ስብሰባ ላይ ስሜ ይነሳል። ማስወጣት የሚፈልጉትን «ትንሽ ታገሺ» እያልኩ እመልሳለሁ። አሁን አሁን እንቅልፍ እያጣሁ ነው። ምን ላድርግ? (እህትዎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺን ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ስለከበደኝ ነው። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ስጽፍ አንቺን እያሰብኩ ነበር። ቻውሼስኩ አንዲትም ሴት አልመረመረም። ሳንጃይ ጋንዲ ምላጭ አልያዘም። እጁ ሁልጊዜ የእኛ ነው።

አርጀንቲና ውስጥ ከ1976 እስከ 1983 ወታደሮች በገዙበት ዘመን እርጉዝ ሴቶች ታስረው ወልደው ተገድለዋል። ልጆቹ ለሌላ ሰው ተሰጡ። እነሱን የሚፈልጉት አያቶቻቸው ወደ 500 ይሆናሉ ይላሉ። በ1977 ኪልሜስ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል አንዲት እስረኛ እየተጠበቀች ወለደች። አዋላጇና አንዲት ነርስ ለእስረኛዋ ቤተሰብ «ልጃችሁ በሕይወት አለች፣ ወልዳለች» ብለው መልእክት ላኩ። ሌላ ምንም አላደረጉም። ሁለቱም ተወሰዱ፤ አልተመለሱም። አያቶቹ ደግሞ ፍለጋውን ቀጠሉ። ወላጆቹ ስለሌሉ በአያት ደም የልጅ ልጅ የሚለይበት ምርመራ በሳይንቲስቶች እንዲሠራ አደረጉ። እስካሁን ከ130 በላይ ልጆች ተገኝተዋል።

እንደ እነዚያ ሁለት ሴቶች ሁኚ አልልሽም። እኔም አልሆንኩም። የሆንኩትን ልንገርሽ።

የሠራሁበት አንድ ቦታ ግድግዳው ላይ የወሩ ዕቅድ ይለጠፍ ነበር። ከስሜ ፊት ቁጥር አለ። አንዲት ሴት ኢምፕላንቷን አውጪልኝ ብላ መጣች። ደሟ አልቆም ብሏት ራሷን ያዞራት ነበር። «ሰውነትሽ እስኪለምደው ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ ነይ» አልኳት። መጣች። አሁንም መለስኳት። የዚያን ወር ቁጥሬ ጎድሎ ነበር፤ ማውጣት ደግሞ አይቆጠርም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ክንዷ በነጠላ ተጠቅልሏል። በምላጭ ራሷ አውጥታዋለች። አንዱን ዘንግ አግኝታ ሁለተኛውን ስትፈልግ ክንዷን ቀዳዋለች። ቁስሉ መግል ይዞ ነበር።

ሁለተኛውን አወጣሁ። አጠብኩ፣ አሸግኩ። እሷ አላለቀሰችም። «አስቸገርኩሽ» ነው ያለችኝ።

ከዚያ መዝገቡ አለ። «የወጣበት ምክንያት» የሚል ዓምድ አለው። ጊዜው አልፎ፣ ልጅ ፈልጋ፣ የጎንዮሽ ችግር። የትኛውም አልሆነልኝም። «ሁለት ጊዜ መልሼያት ራሷ አወጣችው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሱፐርቫይዘሩ በቀይ እስክሪቢቶ ከበበው። ስብሰባ ላይ ስሜ ተነሳ። እንደፈራሁት አልገደለኝም።

ስለዚህ የምልሽ ትንሽ ነገር ነው። አውጪልኝ ያለችሽን በዚያው ቀን አውጪላት። ለምን ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ፣ መልሱ ግን የፈቃድ ፈተና አይደለም። ስትቀብሪላት «በፈለግሽ ቀን ይወጣል» በያት፤ ካርዷም ላይ ጻፊላት። የመለስሻትን ሴት መዝገብ ላይ አስፍሪ፣ በራስሽ ፊርማ። ብቻሽን አትሁኚ፤ ከክፍሉ ሁለታችሁ እንዲህ ከመዘገባችሁ ቀይ እስክሪቢቶው ይደክመዋል።

ሌላው የመሣሪያ ጉዳይ ነው። እኛ ጋ መቅበሪያው በካርቶን ይመጣ ነበር። ማውጫው ለክፍሉ በሙሉ አንድ ስብስብ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ሳይቀቀል ያድራል። ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቢ መሳቢያውን ክፈቺና እናንተ ጋ ስንት እንዳለ ቁጠሪ። ቁጥሩን ጻፊልኝ።